የእትዬ አስካለ ሸራ

ዛሬ ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ አሰላ ዝናቧን ታወርደዋለች። መንገድ ዳር የምሸጠው በሶ ላይ ስስ ጨርቅ ብቻ ጣል አድርጌ ነበር የሄድኩት።

ሮጥኩ። (የበቆጂ ሯጮች አሯሯጤን ቢያዩ ያፍሩብኝ ነበር።)

ስደርስ በሶዬ ሸራ ለብሷል። ሸራው አጠገቤ ድንች የሚሸጡት የእትዬ አስካለ ነው። የሳቸው ድንች ዝናብ ይወርድበታል።

«ቦታዬን አጠበብክብኝ» ብለው ካኮረፉኝ ከርመዋል።

«የእርስዎስ?» አልኳቸው።

«ድንች ቢዘንብበት ይታጠባል። በሶ ግን እዚሁ ተበጠበጠ ማለት ነው» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ዝናቡ ሲያባራ ሸራቸውን አጥፌ መለስኩ። ጠረጴዛዬንም ወደኔ ሳብ አደረግኩት።  እሳቸውም ትንሽ ቆይተው ድንቻቸውን ወደ ተለቀቀው ቦታ ዘረጋ አደረጉት።

እናንተስ፣ ያኮረፋችሁ ሰው ሸራ አልብሷችሁ ያውቃል?