አካል የሌለው ኮምፒውተር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የምሠራበት ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተሮች በአቧራና በሙቀት ተራ በተራ ሞቱ። ባለቤቱ ከካርቱም አንድ ያገለገለ ሰርቨር አስጭኖ መጣና፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ሁሉንም እዚህ ውስጥ ክተቻቸው» አለኝ።

ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንኩበት። ሥራው የአሮጌውን ኮምፒውተር ዲስክ እንዳለ ወደ ሰርቨሩ መገልበጥ ነው፤ ሰርቨሩ ቅጂውን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ያስነሳዋል። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። አካሉ ቆሻሻ ላይ ተጥሎ፣ እሱ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ሁሉም በራሳቸው እንዲነሱ አዘዝኳቸው።

ሊኑክስን ያስተማረኝ ከእኔ በፊት እዚያ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ሄደ። ጀልባዋ መስጠሟን የተረፉት ተናገሩ። ሬሳ ያየ ግን የለም፤ ስለዚህ ሾዋክ ከተማ ላሉት እናቱ መርዶ የሚነግር ጠፋ። ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም ዝም።

መጨረሻ ላይ የገለበጥኩት የእሱን ኮምፒውተር ነው። ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ ላይ ቆሞ የተነሳው ፎቶ መጣ። ኔትወርኩን ሳገናኘው የመልእክት ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ሳይጠይቀኝ ገባ፤ ስሙ አጠገብ «መስመር ላይ አለ» የምትለው አረንጓዴ ነጥብ በራች። ወዲያው ካርቱም ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ጻፈች፦

«አንተ! አለህ?»

እሱ አለመሆኑን ጽፌ እስክልክላት፣ እሷ ሾዋክ ለእናቷ ደውላለች።

በነጋታው እናቱ በአውቶቡስ መጡ። ለልጃቸው ስንቅ እንዲላክ ድርቆሽ በፌስታል ይዘዋል።

«የታለ?»

«የለም እማማ። ኮምፒውተሩ ነው የተነሳው።»

«ማርያምን በይ!»

«ማርያምን። የተወውን ነው የሚደግመው። እሱ ባይኖርም ይነሳል።»

ሰርቨሩን አዩት። «እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ልጄ በዚህ ጩኸት መች ይተኛ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ እንኳ ምላስሽ ስለት ነው፣ አትደብቂም። ባይኖርም ነው ያልሽው?»

እኔ እኮ ማሽን እያስረዳሁ ነበር። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ግን አሁን ብዋሽ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያቺን ነጥብ ሊጠብቁ ነው።

«አዎ እማማ። ጀልባዋ ሰጥማለች።»

አልጮኹም። ነጠላቸውን አውርደው ዘቅዝቀው ለበሱ። «አጥፊው» አሉኝ። አጠፋሁት። ድርቆሹን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሾዋክ ተመለሱ፣ ለቅሶ ሊቀመጡ።

በለቅሶው ሰሞን መብራት ሄደና መጣ። ማሽኖቹ እንዳዘዝኳቸው አንድ በአንድ ተነሱ፤ የእሱን ከትእዛዙ ማውጣት ረስቼ ነበር። ግድቡ መጣ። ነጥቧ በራች።

እህቱ ቆይታ ጻፈች፦

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።