ድምፅዋ የጠፋባት እንግዳ ተቀባይ

ካዛንቺስ አጠገብ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የነርሶቹ ኃላፊ የሆኑት ሜትሮን ነጭ ጋውን፣ ቀድሞ ካርድ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል ቁልፍና አንድ ገጽ መጠይቅ ሰጡኝ። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። እያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለው፤ ነጥቡ ሲደመር ታካሚው የመንፈስ ጭንቀት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ያሳያል። ሥልጠናውን ጥሩ ውጤት አምጥቼ ስለጨረስኩ በራሴ ተማምኜ ነበር።

የመጀመሪያ ታካሚዬ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ግምጃ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ነው የመጡት። ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ መጠይቁን አንዱን ካንዱ አከታትዬ አነበብኩላቸው። ስለ ሞት የሚጠይቀውንም በዚያው ፍጥነት ጠየቅኋቸው። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ።

«ልጄ፣ እንደምን አደሩ እንኳ ሳትይኝ ሞት ያሰኝዎታል ወይ ትይኛለሽ?» አሉኝ።

ወጥተው ሄዱ፤ ተመልሰውም አልመጡ። ካርዳቸው ላይ «ለመተባበር ፈቃደኛ አይደሉም» ብዬ ጻፍኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳስባት እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሥራውን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በዝግታ። ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ተጨንቄያለሁ ብሎ አይመጣም። ራሴን ይነድለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሰውነቴን ይወርረኛል ይላል። «ድብርት ይሰማዎታል?» ሲባል ግን «ኧረ ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። መጀመሪያ የሚደብቁኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ስረዳው እየነገሩኝ የማልሰማው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሰላምታውን በወጉ ማድረስ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጎረቤት መጠየቅ ጀመርኩ። ስለ ሞት የሚጠይቀውን ጥያቄ አልተውኩትም፤ ሕይወት የሚያተርፍ ጥያቄ ነው። ግን ሰውየው ካመነኝ በኋላ አደረግሁት።

ሰናይት የመጣችው ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ፣ በክረምት ነው። የእሷንና የቤተሰቧን ስም ቀይሬያለሁ፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ራሷ ፈቅዳልኛለች። ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ የሪፈር ወረቀት ይዛ መጣች። ስትናገር የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሁለት የጉሮሮ ሐኪሞች አይተዋት ምንም አላገኙባትም። መጀመሪያ ስልክ ስታነሳ ብቻ ነበር ድምፅዋ የሚጠፋው፤ አሁን ጭራሽ የለም። ሥራ አስኪያጁ በወሩ መጨረሻ ካልተሻላት ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደሚያዛውራት ነግሯታል።

መጠይቁን ሞላችው። ድምሩ ሁለት ነጥብ ሆነ። በወረቀቱ መሠረት ሰናይት ጤነኛ ነበረች።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሄኖክ በዕድሜ ልጄ ቢሆን ነው፤ በሥራ ግን አለቃዬ ነበር፤ አንቱ እንባባላለን። ነጥቡን አይቶ ወደ ጉሮሮ ሐኪም እንድመልሳት አዘዘኝ። ሦስት ቀጠሮ እንዲፈቅድልኝ ለመንኩት። እያመነታ ፈቀደ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ ቤቷ ጠየቅኋት። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ከባለቤቷ ጋር ትኖራለች፤ የሰባት ወር ሴት ልጅ አለቻት። እናቷ የሞቱት ገና ልጅ ሳለች ነው። አባቷስ ስላት ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አርፏል» አለች በሹክሹክታ።

መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። «በኋላ ነገሩኝ» አለችኝ። እኔ የጠየቅኋት መቼ እንደሞቱ ነው፤ እሷ የመለሰችልኝ መቼ እንደተነገራት ነው። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቷ ሽሬ አስተማሪ ነበሩ። ሲያርፉ ሰናይት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እናቷ ከሞቱ በኋላ አዲስ አበባ አምጥተው ያሳደጓት የአባቷ እህት እትዬ ለተብርሃን፣ ድንጋጤው ፅንሱን ይጎዳዋል ብለው መርዶው እንዳይነገራት ከለከሉ። ወሎ ሰፈር በአክስቷ ቤት ድንኳን ተተክሎ ዘመድ ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ሰንጋ ተራ ቤቷ የሕፃን ልብስ ታዘጋጅ ነበር። ስለ አባቷ ስትጠይቅ ስልካቸው ተበላሽቶ ነው እንጂ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል ይሏታል። የተነገራት ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ነው። ልትጮህ አፏን ስትከፍት አክስቷ እጃቸውን አፏ ላይ አደረጉ። እያጠባሽ ነው፣ ልጅቷን ታሳምሚያታለሽ፣ እኛ አልቅሰንለታል አሏት። ሰናይት አፏን ዘጋች። ብዙም ሳትቆይ ወደ ሥራዋ ተመልሳ እንግዶችን በፈገግታ መቀበል ጀመረች።

በሁለተኛው ቀጠሮ ስለ አባቷ እንድታወራኝ ጠየቅኋት። በአማርኛ ትጀምርና ይያዛታል። ከአባቷ ጋር በምን ቋንቋ ያወሩ እንደነበር ጠየቅኋት፤ በትግርኛ አለችኝ።

«እንግዲያው በትግርኛ ንገሪኝ።»

«ሲስተር፣ እርስዎ ትግርኛ ይሰማሉ?»

«ጥቂት ጥቂት። ግድ የለሽም፤ ለሳቸው እንደምትነግሪያቸው አድርገሽ ንገሪኝ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረች። ብዙው አልገባኝም። ብስክሌት የሚል ሰማሁ፣ ትምህርት ቤት የሚል ሰማሁ። መጨረሻ ላይ «ኣቦይ» አለች፤ አባቴ ማለት ነው። ይህቺ ቃል በሹክሹክታ አይደለም የወጣችው። በድምፅ ነው። ሁለታችንም ደንግጠን ተያየን። ካርዷ ላይ ቃሏን እንዳለች ጻፍኳት፤ ከሥሯም አሰመርኩ።

ወደ ዶክተር ሄኖክ ሄጄ የአባቷ ሙት ዓመት እየደረሰ መሆኑን፣ ያን ዕለት መርዶው እንደ አዲስ እንዲነገራት፣ በወጉም እንድታለቅስ እንደምፈልግ፣ እኔም እንደምገኝ ነገርኩት።

«ሲስተር፣ እኛ እናክማለን እንጂ ለቅሶ አናዘጋጅም» አለኝ።

ዘመዶቿ ሁሉ ያገኙትን እሷ ብቻዋን እንዳጣችው፣ ለዚያ የሚሆን ኪኒን ደግሞ ፋርማሲያችን ውስጥ እንደሌለ ነገርኩት። ካርዷን ከእጄ ተቀብሎ ያሰመርኩበትን ቃል አነበበ። በመጨረሻ ፈቃዷን በጽሑፍ እንዳመጣ፣ ከለቅሶው በኋላ ክትትሏን እንዳላቋርጥ፣ ካልሠራ ደግሞ በእሱ መንገድ እንደምንሄድ ቃል አስገብቶኝ ፈቀደ።

ሰናይት ፈረመች። ቀጥሎ እትዬ ለተብርሃንን አስጠራሁ። የመጡት ሊከሰሱ መስሏቸው ነው፤ ነጠላቸውን አጥብቀው ተቀመጡ።

«ከነልጇ ላትርፋት ብዬ ነው» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው።

በፍቅር ያደረጉት መሆኑን እንደማውቅ፣ ልጅቷም በሰላም መወለዷን፣ አሁን ግን የሰናይት ተራ እንደሆነ ነገርኳቸው። መርዶው ዛሬ እንደመጣ አድርገው ከመጀመሪያው እንዲነግሯት ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«ወንድሜ እኮ ነው። ከሷ ተደብቄ ስላለቀስኩ እኔም አልወጣልኝም» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወሎ ሰፈር ተሰበሰብን። ዓምና ያለቀሱት ዘመዶችና የእድሩ ሰዎች ጥቁር ለብሰው ሁለተኛ መጡ። እኔም ጋውኔን ትቼ ነጠላ ለብሼ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። የሰናይት ባለቤት ሕፃኗን ይዞ ጎረቤት ሄደ። እትዬ ለተብርሃን የወንድማቸውን ፎቶግራፍ በደረታቸው ይዘው ቆሙና መርዶውን በትግርኛ ነገሯት፤ መቼ እንደታመሙ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ፣ የት እንደተቀበሩ።

ሰናይት ዝም ብላ ቆመች። ዝምታው ሲረዝም ፈራሁ፤ ከአለቃዬ ጋር ተከራክሬ የማይሆን ነገር አድርጌ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጮኸች። «ኣቦይ» የሚለው ድምፅዋ ቤቱን ሞልቶ መንገድ ድረስ ተሰማ። አክስቷ አቀፏት። አባቷ በብስክሌት ከኋላቸው አድርገው ትምህርት ቤት ይወስዷት እንደነበር እየጠራች አለቀሰች፤ ሰውም አብሯት አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከሰዓት በኋላ ፊቷን ታጥባ እህል ቀመሰችና ልጄን አምጡልኝ አለች። ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር፤ ግን ድምፅ ነበር።

በአንድ ቀን አልዳነችም። ስልክ ሲጮህ ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ጠፍቶባታል። የሐኪም ማስረጃ አጽፌላት ሥራ አስኪያጁ ሦስት ሳምንት ጨመረላት። በየቀጠሮው አተነፋፈስ እንለማመዳለን፤ ከዚያ እኔ ከሌላ ክፍል እደውላለሁ፣ እሷ ታነሳለች። አክስቷ በየቀኑ እየሄዱ ስለ አባቷ ያወሯት ነበር። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ ወደ እንግዳ መቀበያው ተመለሰች።

በማግስቱ ዶክተር ሄኖክ ቢሮው አስጠራኝና የሆቴሉን ቁጥር ጠየቀኝ። ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ክፍት አደረገው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንግዳ መቀበያ ነው፤ ምን ልታዘዝ?» አለች። ጥርት ያለ ድምፅ ነበር።

ዶክተሩ ተጣድፎ አልጋ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አለ፣ ለስንት ሌሊት ይሆን አለችው። አስብበታለሁ ብሎ ዘጋ። ሁለታችንም ሳቅን። ያን ቀን ከቢሮው ስወጣ የሃያ ዓመት ልጅ የሆንኩ ያህል ደረጃውን እየዘለልኩ ነው የወረድኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ነርሶችን እንዳሠለጥን መደበኝ። ከመጠይቁ በፊት የሚሞላ አንድ ገጽ አብረን አዘጋጀን፤ በቤት የሚናገሩት ቋንቋ፣ ሲከፋቸው የሚሄዱበት ሰው፣ በወጉ ያላለቀሱለት ሰው መኖር አለመኖሩ ይጠየቅበታል። ጡረታ እስክወጣ በዚያ ገጽ ሠርተናል። ደህና ነኝ ብለው ሊሄዱ የነበሩ ብዙ ሰዎች በዚያ ገጽ ላይ ቆመው አውርተውናል፤ ተሽሏቸውም ሄደዋል።

ከሥራ ዘመኔ የያዝኩት ይህን ነው። ሰው ጭንቀቱን የሚያወጣው በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ወጉ፣ በገዛ ሰዎቹ መካከል ነው። የሚያክመው ሰው እነዚህን ሦስቱን ጠይቆ ማወቅ አለበት።