ከወፍጮ ቤቱ ማዶ የላክሁት ዘፋኝ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። መብረቅ እፈራለሁ፣ ላም እፈራለሁ፣ ልጄ መኪና ስትሳፈር እፈራለሁ፤ ደርሻለሁ ብላ ስትደውል ደግሞ ድምፅዋ ምነው ቀጠነ ብዬ እፈራለሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትም በፍርሃት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «በችግር ምክንያት» እላለሁ። ችግሩ ድልድይ ነበር። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ሶር ፏፏቴ አካባቢ ሲሰፍሩ ትምህርት ቤቱ ከጅረቱ ማዶ ነበር፤ ድልድዩም ሁለት ግንድ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አባቴ አዝሎ አሻገረኝ። አምስተኛ ክፍል ስደርስ «አሁንስ ከበድሽኝ» አለኝ። በዚያው ቀረሁ።

አባቴ ንብ ማነብ የተማረው ከኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ነው። ዛፍ ላይ ከሰቀላቸው ሌላ ጓሯችን ውስጥ ሁለት ቀፎ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ቀፎው ላይ ይለጥፋል፤ እኔንም ያስለጥፈኛል። ንብም እፈራለሁ፤ ግን እሱን ደስ ይበለው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ እለጥፋለሁ።

«ምን ይላሉ?»

«ከትናንቱ ከፍ ብሏል።»

«እንግዲያው ሊወጡ ነው» ይልና ባዶ ቀፎ ያጥናል። በሁለተኛው ቀን ይወጣሉ። የእኔ ትምህርት ይኸው ነው፤ ድምፅ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ አለ የሚለውን ማወቅ።

ይህ ትምህርት እንጀራ ይሆነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጄ ኮምፒውተር ተምራ ላፕቶፕ ይዛ ወደ መቱ ቤታችን ስትመለስ፣ የዘፋኞችን ድምፅ የማስተካከል ሥራ ጀመረች። ሥራው እንዲህ ነው፦ ዘፋኙ ስቱዲዮ ገብቶ ይቀዳል፤ ድምፁ ብቻውን፣ ሙዚቃውን ሳይለብስ ይላክልናል። ያልደረሰበትን እናደርስለታለን፣ ያለፈበትን እንመልስለታለን። ከዚያ ወደ ስቱዲዮው ይመለሳል። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ።

«ያቺ ወደቀች» እላለሁ።

«የቷ?»

«ከመጨረሻዋ በፊት ያለችው።»

ታያለች፣ እውነትም ወድቃለች። አንድ ቀን ማውዙን አስያዘችኝ። ድምፁ መስኮቱ ላይ እንደ ባቄላ ተደርድሮ ይታያል፤ ረጅም ባቄላ፣ አጭር ባቄላ፣ የተጨማደደ ባቄላ። ከመስመሩ የወረደውን ይዞ ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ አላነበውም። ቁልፎቹን በሰፈራቸው ነው የማውቃቸው፤ መቀሱ፣ ከመቀሱ ጎረቤት ያለችው፣ ጥግ ላይ ያለችው ቀይ። ልጄ አግብታ በደሌ ስትሄድ ላፕቶፑን ትታልኝ ሄደች።

ደንበኞቹ ግን ይህን አያውቁም። ቴሌግራሙ ላይ ያለው የማይክሮፎን ሥዕል ብቻ ነው። «ኢንጂነር» እያሉ ይጽፉልኛል። እኔም አጻጻፌ እንዳያጋልጠኝ «እሺ»፣ «ደርሷል»፣ «ነገ» ብቻ እመልሳለሁ። ሲደውሉ አላነሳም። ከጎሬም፣ ከኖፓም ይልኩልኛል፤ የሠርግ ዘፈንም፣ መዝሙርም፣ መንዙማም።

ከሁሉም አብልጬ የማውቀው የያዮውን ሰውዬ ነበር። የሠርግ ዘፋኝ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልኮልኛል። ከዘፈኑ በፊት ያለውን ወሬ ሁሉ ቆርጬ የምጥለው እኔ ስለሆንኩ ልማዱን አውቃለሁ። መጀመሪያ ይስላል። ቀጥሎ «ጀምረናል?» ይላል። ከዚያ ትንፋሹን በአፍንጫው ሲስብ፣ ሣጥን ሲቆለፍ እንደሚሰማው፣ ቅጭ ትላለች። የጎደለች ጥርስ አለችው መሰለኝ፣ «ሰ» ላይ ታፏጫለች፤ ፉጨቷንም እቀንስለታለሁ። ፊቱን አይቼው አላውቅም። ትንፋሹን ግን ከባለቤቴ ማንኮራፋት ይበልጥ አውቀዋለሁ።

አንድ የክረምት ሳምንት ዳታ ጠፋ። ስልክ ይሠራል፣ መላክ ግን የለም። ሐሙስ ጠዋት ዘይት ልገዛ ከመናኸሪያው በላይ ያለው ሱቅ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ ቅጭ አለች። ያቺ ትንፋሽ። ዘይቱን ልለቀው ምንም አልቀረኝም።

«ሰላም አደራችሁ» አለ። «ሰ»ዋ ስታፏጭ ሰማኋት። «እዚህ ሰፈር ድምፅ የሚያስተካክል ኢንጂነር አለ ብለውኝ ነበር።»

ባለሱቁ «ኢንጂነር?» አለ። «እኛ ጋ ያለው የውሃው ብቻ ነው። እሱም ቧንቧውን አላስተካከለ እንኳን ድምፅ።»

«እሁድ የልጄ ሠርግ ነው» አለ ሰውዬው። ከኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ፍላሽ አወጣ። «ስትወጣ የሚከፈትላትን ዘፈን ቀድቼ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ራሴ ይዤው መጣሁ። ሳይስተካከል ይከፈት እንዳልል የሚሰማ አይደለም።»

ባለሱቁ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁ ይሆን?»

ቤቴ ከዚያ ሱቅ አምስት በር ነው። ሰውዬው ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ጫማው ጭቃ የበላው፣ ደግ ፊት ያለው ሰው። ይህ ሰው ድምፁን ሁለት ዓመት ስትጎትት የኖረችው አራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት መሆኗን ቢያውቅ ለጓደኞቹ ይነግራል፤ እነሱም ለሌላው። ያኔ ማን ይልክልኛል?

«ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ነው» አልኩ። «ቁልቁል ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው።»

«ገለቶማ፣ እትዬ» ብሎ አመስግኖኝ ወረደ።

ለምን ድልድይ እንዳልኩ በኋላ ገባኝ። ለእኔ ከዓለም ሁሉ ሩቁ ቦታ ከድልድይ ማዶ ነው።

ቤት ገብቼ ዘይቱን አስቀመጥኩ። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ዝናቡ ጀመረ። ለልጄ ደወልኩላት።

«የያዮው ሰውዬ መጣ» አልኳት።

«የቱ? ያ የሚያፏጨው?»

«እሱ።»

«እሰይ። ምን አለሽ?»

«ኢንጂነሩ የት ነው አለ።»

«አንቺስ?»

«ከወፍጮ ቤቱ ማዶ አልኩት።»

«እማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ማን አለ?»

«ላሞች።»

ሳቋ ጆሮዬን አደነቆረው። ባልዋን ጠርታ ስትነግረው ሁሉ ይሰማኛል። ስትጨርስ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ። የሠርጉንም ነገር ነገርኳት።

«እኔ ስወጣ አባዬ ምን ዘፈነልኝ?» አለችኝ።

«አባትሽ መቼ ዘፍኖ ያውቃል።»

«በይ እንግዲህ፣ የሚዘፍን አባት ያላትን ልጅ አታስቀሪባት። ሂጂና መልሺው።»

የሰውዬው ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ሰውዬው ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከማዶ አንድ ላም የሚነዳ ሽማግሌ ያናግራል። ሽማግሌው እጁን ወደ ጫካው ይዘረጋል። ሰውዬው ወደ ጫካው መራመድ ጀመረ። ድልድዩ ሁለት ግንድ ነው፤ ከሥሩ ክረምት የሞላው ጅረት። አንድ እግሬን አስቀመጥኩና መልሼ አነሣሁት።

«ጋሼ» ብዬ ጮህኩ። ውሃው ዋጠው። «ጋሼ፣ ይመለሱ።» ዋጠው። ስሙን አላውቅም፤ ስልኬ ላይ «ያዮ» ነው የሚለው። «ያዮ» ብዬ ብጣራ ደግሞ አገሩ ሁሉ ነው።

ሶር ፏፏቴ አጠገብ ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ውሃ ወፍራም ድምፅ ይበላል፣ ቀጭንና የተሳበ ድምፅ ግን ያልፋል። ስለዚህ ዘፈንኩ። ከወር በፊት የላከልኝን፣ ገና ያልወጣውን ዘፈን አዝማች፣ ከላይኛው ቦታ ይዤ፣ እያንዳንዷን ባቄላ መስመሯ ላይ አስቀምጬ። ጃንጥላ ይዤ፣ ዝናብ ላይ፣ እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች እያዩኝ። በሕይወቴ ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም።

ሰውዬው ቆመ። ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ዞረ። ከዚያ በሁለቱ ግንድ ላይ እንደ ፍየል እየዘለለ ተመለሰና ፊቴ ቆመ።

«ይህን ዘፈን ከኢንጂነሩ በቀር የሰማ የለም» አለ።

«አዎ።»

«ባለቤትዎ ናቸው?»

«ባለቤቴ አናጢ ነው።»

«ልጅዎ ነው?»

«ልጄ ሴት ናት። በደሌ ነው ያለችው።»

ሌላ የሚጠይቀው ሰው አጣ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

«ታዲያ እኔን ላሞች ጋ ለምን ላኩኝ?»

«ፈርቼ።»

«ምኑን?»

«አራተኛ ክፍል ነኝ» አልኩት። ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም።

ፉጨቷ መጣች። ሲስቅም ታፏጫለች ለካ። «እትዬ፣ እኔ ሦስተኛ ነኝ» አለኝ። ሴቶቹም አብረው ሳቁ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ኩሩ ሰው ነው እያልኩ ሳማዎት ኖርኩ። ስልክ አያነሣ፣ ሰላም አይል፣ እሺ ብቻ። የተማረ ሰው እንዲህ ነው እያልኩ።»

ቤት ወስጄ ደረቅ ጋቢ ሰጠሁትና ፍላሹን ሰካሁ። የዘፈኑ የመጀመሪያ ቤት ደህና ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ባቄላዎቹ ከወንፊት እንደፈሰሰ እህል ተበትነዋል። ቀና ብዬ ሳየው አንገቱን ደፍቷል።

«ቆሜ ልዘፍንላት ነበር» አለ። «ስለማመድ እያለቀስኩ አስቸገርኩ። ለዚህ ነው የቀዳሁት። ሲቀዳም አለቀስኩ። ስቱዲዮው ሦስት ጊዜ ደግሞ ቀዳኝ፣ ይኸኛው የተሻለው ነው።»

እኔ ልጅ ድሬያለሁ። ያ ዕለት ጓዳ ገብቼ ድስት የማጥብ መስዬ እንዴት እንዳለቀስኩ አውቃለሁ፤ ድስቱ ንጹሕ ነበር። ምንም ሳልለው ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ መቀሱን ስፈልግ ጎረቤቱን ነካሁ፤ ሰው እያየኝ ሠርቼ አላውቅማ። በኋላ ረሳሁት። የወደቁትን አንድ በአንድ አነሣሁ። የተንቀጠቀጡትን ቀስ እያልኩ አረጋሁ፣ እንዳይደርቁ ትንሽ ንቅናቄ እየተውኩላቸው። «ኢንታላ ኮ»፣ ማለት «ልጄ»፣ የሚልበት ቦታ ግን ጨርሶ ተሰብሯል፤ የሚነሣም የሚረጋም አልነበረም። ሲቃ ብቻ ነው።

ያቺ ቃል መጀመሪያው ቤት ላይም አለች። እዚያ በሙሉ ድምፁ፣ በኩራት ነው የሚላት። በመቀሱ ቆረጥኳት፣ ቀዳኋት፣ አምጥቼ በተሰበረችው ቦታ ተከልኳት። የትንፋሹን ቅጭታም ከፊቷ አስቀመጥኩላት፣ የራሱ እንድትመስል። የራሱ ናትና።

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ጉልበቱን ያዘ። ቃሏ አለፈች።

«አላለቀስኩም እኮ» አለ።

«አላለቀሱም።»

ማዳመጫውን አውልቆ ላፕቶፑን ከግራም ከቀኝም አየው። «ለቅሶውስ የት ሄደ?»

«እዚህ አለ፣ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ማንም አይሰማውም።»

«አያጥፉት» አለኝ ቀስ ብሎ። አላጠፋሁትም።

ዓርብ ጠዋት በያዮ መኪና ሄደ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ፍላሿ ትጥፋበት ይሆን፣ መኪናው ይሰምጥ ይሆን እያልኩ እስከ እሁድ ፈራሁ። ያ ፍርሃት እንኳ ከሌላው ፍርሃቴ ሁሉ ጣፋጭ ነበር።

በሳምንቱ ዳታ ተመለሰ። ከያዮ አዲስ ድምፅ ደረሰኝ። ከፈትኩት። ሳለ። «ጀምረናል?» አለ። ትንፋሹ ቅጭ አለች። ዘፈኑን ጠበቅሁ፤ መጀመሪያ ግን ወሬ መጣ።

«እትዬ፣ ልጅቷ እየሳቀች ወጣች። አባዬ እንዲህ ድምፅህ ያምራል ለካ አለችኝ፤ ዝም አልኩ። ያለቀሰችው እናቷ ብቻ ናት፣ እሷን ማስተካከያ የለም። ላሞቹን ሰላም ይበሉልኝ።» ከዚያ ዘፈነ።

እንደፈራሁትም ለሰው ሁሉ ነገረ። ከኖፓ የሚልክልኝ በማግሥቱ «እትዬ» ብሎ ጻፈልኝ። የጎሬዎቹ መዘምራን መኪና ተሳፍረው መጥተው ደጄ ቆሙ፤ ኢንጂነሯን እንይ ብለው። ባለሱቁ ሰው ሲጠይቀው አሁን ራሱ እጁን ወደ ደጄ ይዘረጋል፤ የውሃው ኢንጂነር ሲያልፍ ደግሞ «አንተም ከእትዬ ተማር» ይለዋል።

ከዘፈን በፊት ያለ ወሬ ይቆረጣል፣ ሥራዬ ነው። የያዮውን ወሬም ቆረጥኩት። ግን አልጣልኩትም፤ ከለቅሶው አጠገብ አስቀመጥኩት። ድልድዩን እስከ ዛሬ አልተሻገርኩትም።