ከዕድራችን የተሰረዙት ሴት

እትዬ ፍቅርተማርያምን በዝና ብቻ የሚያውቅ ሰው ለስላሳ ሴት ይመስሉታል። አይደሉም። ካርቱም፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ሠላሳ አንድ ዓመት ጥጥ እየነደፉ ማርተባ የሚባለውን የአገሩን ፍራሽ ሲሰፉ የኖሩ፣ ምላሳቸው ከመርፌያቸው የማይተናነስ ሴት ናቸው። አንድ ረቡዕ ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ደጃፍ ላይ ሥጋ ስበላ ደረሱብኝና ደንበኞቼ ፊት አዋረዱኝ። ሰባቱንም አጽዋማት ይጾማሉ፤ ሰው ሲሳሳት እያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያደረጉትን የሰማ ሰው ኃጢአትን አቅልለው የሚያዩ ሴት ናቸው እንዳይል ነው።

ጀርባቸው ላይ ጠባሳ አለ። በድሮው የሱዳን መንግሥት ጊዜ ኒዛም የምንላቸው ፖሊሶች፣ የሰው ልብስና መጠጥ የሚቆጣጠሩት ማለቴ ነው፣ ለሚካኤል ዝክር የጠመቁትን ጠላ ጓዳቸው ድረስ ገብተው አገኙባቸው። አርባ ጅራፍ ተፈረደባቸው። ሴትዮዋ መጠጥ በአፋቸው አይዞርም፤ የተገረፉት ለመልአኩ ነው ማለት ይቻላል። ገራፊው ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ፣ ይሄ ለራስሽ ጥቅም ነው አላቸው። ጅራፉን ይቅር ብለዋል። ንግግሩን ግን እስከ ዛሬ ሲያነሡት ድምፃቸው ይለወጣል።

ከአብዮቱ በኋላ የመጣው መንግሥት መጀመሪያ የአለባበሱን ሕግ አነሣ፤ ሐምሌ 2012 ላይ ደግሞ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ቢጠጣ አያገባኝም አለ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የመንግሥት ሥራ ውሃና መብራት ነው፣ ሰው በቤቱ እንዴት እንደሚኖር ምን ጥልቅ አደረገው እያልኩ ሱቄ ለመጣው ሁሉ እሰብክ ነበር። የዕድራችን ሊቀ መንበር ሚልዮንም ከኔ በላይ ይሰብክ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ሚልዮን አዲስ ደንብ አርቅቆ መጣ። ዕድራችን የጎንደርና የሸዋ ክርስቲያን ከወሎ ሙስሊም ጋር የሚቀባበርበት፣ ቃለ ጉባኤውን እኔ የምጽፍለት ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ መጠጥ ጠምቆ የሚሸጥ፣ እንዲሁም ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ፣ ሙስሊሙ በኒካ ሳይጋባ አብሮ የሚኖር ከአባልነት ይሰረዛል። ሚልዮን ክፉ ሰው አይደለም። ከአማርኛ ዐረብኛ የሚቀናቸው ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ለነሱ እንቅልፍ ያጣል። መንግሥት እጁን ከሰበሰበ ቦታው ባዶ ይቀራል፣ መልካም ኑሮ ምን እንደሆነ ለልጆቻችን እኛ ካልነገርን ማን ይነግራቸዋል አለን።

ደንቡ ስም አልጠራም። ለማን እንደተጻፈ ግን ሁላችንም እናውቃለን። አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር ዮርዳኖስ የምትባል የጎጃም ልጅ ሙባረክ ከሚባል የደሴ ሴራሚክ አንጣፊ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። እሷ ማተቧን አልበጠሰችም፣ እሱ ሶላቱን አልተወም፣ የሚያጋባቸውም አልተገኘም። በዚያ ላይ የሙባረክ ኩላሊት ሥራ አቁሞ በሳምንት ሁለት ቀን በማሽን ደሙን ያጥባል። ዘመድ ወንድም አጠገቡ የለም። ለሱ ከዕድር መሰረዝ ማለት፣ ሞቱን እያየ አንሺ ማጣት ነው።

ስብሰባው ላይ እትዬ ፍቅርተማርያም ሁሉም እስኪናገር ጠብቀው ተነሡ።

"ዮርዳኖስን ኃጢአት ነው ብያታለሁ። ቤቷ ሄጄ፣ ምሳዋን በልቼ፣ ፊት ለፊት ነው ያልኳት። ከናንተ መሀል ደጇን የረገጠ አለ? የሰውን ነውር መንገር ከፈለጋችሁ በሕይወት እያለ ቤቱ ሂዱ። እናንተ የፈለጋችሁት ሲሞት ልትነግሩት ነው።"

ከዚያ ድምፅ ተሰጠና ሃያ ስምንት ለአሥራ ዘጠኝ ደንቡ ጸደቀ። ከሃያ ስምንቱ እጆች አንዱ የኔ ነው። ምክንያቴን ብትጠይቁኝ፣ ዙሪያዬ ያሉት ሲያወጡ አወጣሁ እንጂ ሌላ የለኝም። አፍራለሁ። በሳምንቱ የዮርዳኖስና የሙባረክ ስም ተሰረዘ፤ መስመሩን ያሰመርኩትም እኔ ነኝ።

ሙባረክ ጥር ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት አረፈ። ዮርዳኖስ የደወለችው ለኮሚቴው ሳይሆን ለእትዬ ፍቅርተማርያም ነበር። የዕድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት እሳቸው ግቢ ነው የሚቀመጠው። ማንንም አላስፈቀዱም። በክሲ፣ ያችን ትንሽ የጭነት መኪና፣ ተከራይተው ዕቃውን ሁሉ አስጫኑና አል-ሳሃፋ ወስደው፣ ከዮርዳኖስ በር ፊት መንገዱ ላይ ድንኳኑን አስተከሉ። ወሬው ከተማውን አዳርሶ እኔ ጋ ሲመጣ አራት ሰዓት አልሞላም።

ሚልዮን ይዞኝ ሄደ፤ መዝገቡን እንዳልረሳ ሁለት ጊዜ አስታወሰኝ። ስንደርስ ጥቂት ወሎዬዎች ውስጥ ሬሳውን እያጠቡ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አሥር የሚሆን ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ብዙ አባል ደግሞ ማዶ ከሱቁ ጥላ ሥር ቆሞ ያያል፣ አይገባም፣ አይሄድም። እትዬ ፍቅርተማርያም ከድንኳኑ መግቢያ ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል።

ሚልዮን በትሕትና ጀመረ። ድንኳኑ የአባላት መሆኑን፣ ሟቹ አባል አለመሆኑን፣ ዛሬ ደንብ ከተጣሰ ነገ ደንብ የሚባል እንደማይኖር አስረዳቸው። አላቋረጡትም።

"መንግሥት ከጀርባዬ ላይ እጁን እንዲያነሣ አብረኸኝ ጮኸሃል፤ ያንን አልረሳም" አሉት። "ጅራፉን መሬት ሲጥለው ግን ጎንበስ ብለህ ያነሣኸው አንተ ነህ።"

"እኔ ማንንም አልገረፍኩም እትዬ። ታዲያ ዕድሩ ምንም የሚያምንበት ነገር የለውም ነው የሚሉኝ?"

"አለው። ሰው ሬሳው ወድቆ አይቀርም ብሎ ያምናል። እሱን ነው ሁላችንም የፈረምነው። ኃጢአቱን ለመናገር ቄስ አለ፣ ሼክ አለ፣ እኔ አለሁ፤ እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ። ዕድሩን ከዚያ በላይ ካሳመንከው ግማሹ ሰው ውጭ ይቀራል። ዛሬ ሙባረክ ነው። ነገ ልጆችህ አንተ ያላሰብከውን ኑሮ ቢመርጡ ማን ሊያነሣቸው ነው?"

ሚልዮን ፊቱ ቀላ። ልጆቹን ባያነሡበት ኖሮ ምናልባት ይመለስ ነበር፤ አላውቅም። ወደኔ ዞሮ፣ የዕድሩን ንብረት ያለ ፈቃድ በማውጣታቸው እትዬ ፍቅርተማርያም መሰረዛቸውን እንድጽፍ አዘዘኝ። መዝገቡን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ስማቸው መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ናቸው።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ጻፍ ውብሸት" አሉኝ። "እጅህ አይንቀጥቀጥ። ስብሰባው ላይ ስታወጣው አልተንቀጠቀጠም።"

ጻፍኩ። እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ወዲያው ወሎዬዎቹ ቃሬዛውን ይዘው ከቤት ወጡ። አራት ናቸው፣ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ደረጃው ላይ ተንገዳገደ። መዝገቡን ሚልዮን እጅ ላይ አስቀመጥኩና ሮጬ ከሽማግሌው ተቀበልኩት። ከባድ ሰው አልነበረም ሙባረክ፤ በሽታው ጨርሶታል። መንገዱ መሀል ስንደርስ ማዶ ከቆሙት አንዱ መጣ፣ ከዚያ ሌላው። መቃብሩ ጋ ስንደርስ መሸከሙ በተራ ሆኖ ነበር። ሚልዮን አልመጣም።

ስንመለስ ሴቶቹ ዮርዳኖስን ከበው ተቀምጠዋል። የእትዬን እጅ ይዛ፣ ዕድሩም አባረረዎት በኔ ምክንያት፣ እግዜርም አይምረኝም፣ በድያለሁ እያለች ታለቅሳለች። ምን ሊሏት ነው ብዬ ቆምኩ። እንደሚያጽናኑ ሴቶች አልበደልሽም አላሏትም፤ ያን ቢሉ ውሸት ይሆንባቸዋል። በነጠላቸው ፊቷን ጠረጉላት።

"እሱን እኔና አንቺ ሌላ ቀን ቤትሽ ቁጭ ብለን እንጣላበታለን" አሏት። "ዛሬ ባልሽ ሞቷል፤ አልቅሺ።"