የእትዬ ትርንጎ ውሻ ጾም

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰፍሮ ስንት ቁና ይወጣዋል? የኮልፌዋ ጠላ ሻጭ እትዬ ትርንጎ ይህን ቢጠየቁ «ተወኝ እስቲ፣ ጥንስሴ ይበላሽብኛል» ብለው ያልፉት ነበር። ከስድሳ ምናምን ዓመት ኑሯቸው ሰፈሩ የሚያነሣው ግን አንድ ሁዳዴን ብቻ ነው፤ ያውም በውሻ ምክንያት።

ጣልያን ከተማውን ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ታናሽ ወንድማቸው መኳንንት ከአርበኞች ጋር ወጨጫ ተራራ ገብቷል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ጭድ ሻጭ መስሎ ይወርድና ከጠላ ቤቱ ጓዳ ጨውና ጥይት ይዞ ይመለሳል። ጠላ ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ ጣልያን ደጃፍ እስኪደርስ መምጣቱ አይታወቅም። መኳንንት ሁለት ጊዜ ለጥቂት አመለጠ። ሦስተኛውን ማን ያውቃል?

«ውሻ ነው መላው» አሉ ትርንጎ። «ያገሬውን ሰው ዝም የሚል፣ ጣልያን ከሩቅ ሲሸተው የሚጮህ።»

ዝግጅቱ የሠርግ ያህል ሆነ። ከባልንጀራቸው ከዋጋነሽ ቤት ቡችላ መረጡ፤ ማጅራቱን ይዘው ሲያንጠለጥሉት ያልጮኸውን። ጀግና በዚያ ይታወቃላ! ስሙን «አይቀርም» አሉት፤ የውሻ ስም ለጠላት የሚላክ መልእክት ነውና። ጎረቤታቸው እንጨት ፈላጩ ጉታ፣ ኃይለኛ እንዲሆን የጆሮውን ጫፍ ቆረጠለት። የጣልያን ጠረን ደግሞ ያስፈልጋል፤ ለወታደሮቹ ልብስ ከምታጥበው ከካሳነሽ አንድ ያልታጠበ ካልሲ አስሰረቁ።

ጉታ አፍንጫውን ያዘ። «እትዬ፣ ይህን አሽትቶ ውሻው ከተረፈ ጉታ ምን አለ በሉኝ!»

«አፍህን ዝጋ! ካልሲውን ታስጠጋለታለህ፤ ሲጮህ ቁራጭ ሥጋ ትሰጠዋለህ። በዚሁ ይለምዳል።»

«እሺ፣ ሥጋውስ የታለ?»

ትርንጎ ክው አሉ። ለካ ሁዳዴ ገብቷል። በጾም ቤታቸው ሥጋ ሊገባ?

«ከፋሲካ በኋላ እንጀምራለን» ብለው ቆረጡ። ካልሲው ጠረኑ እንዳይጠፋ ቅል ውስጥ ተከደነ። አይቀርምም ሽሮና ንፍሮ እየቀማመሰ፣ ጎኑ እየተጣበቀ አብሮ ጾመ።

«ምን በደለ ብለው ነው የሚያስጾሙት?» ይላል ጉታ።

«ከኔ ቤት እየኖረማ አይበላትም!»

ይህን ለጣልያን የነገረው የለም። አንድ ጺማም ካፖራል፣ የጣልያን አሥር አለቃ፣ ጠላ ሊቀምስ መጣና አጥንቱ የወጣውን ቡችላ አይቶ የቆርቆሮ ሥጋ ከፈተለት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን። ትርንጎ ደጃፍ ቆመው ያማትባሉ። እሳቸው ለፋሲካ ያቆዩትን ትምህርት ጣልያኑ ራሱ መጥቶ በሳምንት ጨረሰው፤ ያውም ገልብጦ። አይቀርም ካፖራሉ ገና ከወንዙ ማዶ ሲሸተው፣ በደስታ እያለቀሰ፣ መንደሩን እያወከ ይበራል።

«ባንዳ አሳደግን!» አለ ጉታ እየተንከተከተ።

በሕማማቱ ረቡዕ መኳንንት ጓዳ ሆኖ ጥይቱን ጭድ ውስጥ ሲሸጉጥ፣ አይቀርም ብድግ አለና ያን የደስታ ልቅሶውን አቀለጠው። ትርንጎ ወዲያው ገባቸው።

«ውጣ! በጓሮ ውጣ!»

መኳንንት ጭዱን ተሸክሞ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተሰወረ። ጥቆማ የደረሰው ካፖራል ከአራት ወታደር ጋር ገብቶ ቤቱን ገለባበጠው፤ ከጋን በቀር ያገኘው የለም። ሲወጣ የለመደውን ቆርቆሮ ከፈተ። አይቀርም በሕማማት፣ በዓይናቸው ሥር፣ ከንፈሩን እየላሰ በላ።

ሊቃውንት በየመጽሐፉ ሲከራከሩበት የኖሩትን ነገር ትርንጎ በውሻ በኩል ደረሱበት፤ ኃጢአት ነፍስ ካዳነ ዕዳው የማን ነው? ፋሲካ ሲውል አይቀርምን በገመድ እየጎተቱ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ።

«አባቴ፣ ጾሙን የሻረው ለወንድሜ ነፍስ ነው። ንስሐ ይስጡልኝ።»

«አብደሻል ትርንጎ? ውሻ ምን ንስሐ አለው?»

«እሺ፣ ስግደቱን እኔ ልስገድለት። እርስዎ ብቻ መስቀሉን ያስነኩልኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። ጣልያን ከወጣ በኋላም ትርንጎ ሌሎች ሁለት ቄሶች ለመኑ፤ አንዱ ሳቁ፣ አንዱ ተቆጡ። መስቀሉን ያስነካላቸው አልተገኘም።