ቆርቆሮ የጫነችው ፒካፕ

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ባለቤቴ ሰቆጣ ዙሪያ የአንዲት ትንሽ ደብር ቄስ ነበሩ። የቤተክርስቲያኑ የሣር ክዳን አርጅቶ በየክረምቱ ስለሚያፈስ፣ ምእመኑ ተረባርቦ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ምስማር ገዛ። ጭነቱን ልናመጣ ኮረም ሄድን። እኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ በዚያው ሐኪም ይየኝ ብዬ ነው አብሬያቸው የሄድኩት።

ያገኘናት መኪና ያረጀች ፒካፕ ነበረች። ቆርቆሮው ተጭኖ ሲያበቃ ሾፌሩ መኪናዋን ዞሮ አያትና፣ "አባ፣ ይህ ይበቃታል። ሲሚንቶውን ነገ ተመልሼ አመጣዋለሁ" አለ።

"ነገ ዝናብ ቢጥልስ? መንገዱ ከተበላሸ እስከ መስከረም ማን ያልፋል? ጫነው ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ቤት ነው።"

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ጎማው በላይ ያለውን ጭነት ተሸካሚ ብረት ነካ። "ለማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ባሌስትራው ግን አያውቅም" አላቸው።

አልሰሙትም። ሲሚንቶውም ምስማሩም ተጫነ። ቀስት መስሎ የነበረው ባሌስትራ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። እኔ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ቆርቆሮው ላይ ወጡ።

ጭነቱ እንደበዛባት ከከተማው ሳንርቅ ታወቀኝ። የመኪናዋ ኋላ ወደ ታች ተጎትቶ አፍንጫዋ ወደ ላይ አንጋጧል። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር ወዲያው አትታዘዝም። ዳገቱ ላይ ውኃዋ ሁለት ጊዜ ፈላ። ወደ ሰቆጣ ተቃርበን ቁልቁለቱ ሲጀምር ደግሞ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ፍሬኑ ነው፣ እትዬ።" አቆመና ወርዶ፣ "አባ፣ ግማሹን ሲሚንቶ እዚህ እናውርደው" ብሎ ለመናቸው።

"ሜዳ ላይ ጥለነው ማን ይጠብቀዋል? ቀስ ብለህ ንዳው።"

ሾፌሩ ወደ እኔ ተመለከተ። እንድናገርለት ፈልጎ እንደነበር ገብቶኛል። ቄስ ባሌን በሰው ፊት መቃወም ከበደኝና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠ፤ መኪናዋ ግን ፍጥነቷ ጨመረ። በግራችን ገደል ነው። "እትዬ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዥ!" ብሎ ጮኸና መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ከተራራው ግድግዳ ጋር አላተማት። ባሌስትራው እንደ ጥይት ጮኾ ተሰበረ። መኪናዋ ስትቆም ቆርቆሮው ሁሉ ወደ ፊት ተንሸራተተ።

እኔ ምንም አልሆንኩም። ወዲያው ልጄ በሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ተሰማኝ፤ ተመስገን አልኩ። ከላይ ግን ድምፅ የለም። ወርጄ ባይ ባለቤቴ ቀኝ እጃቸው በቆርቆሮውና በመኪናው ጣሪያ መካከል ተቀርቅሮ፣ ፊታቸው አመድ መስሏል።

በአቅራቢያው ካለ መንደር ገበሬዎች በኽምጥኛ እየተጠራሩ ደረሱልን። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ አንስተው የባለቤቴን እጅ አወጡት፤ በቃሬዛም ሰቆጣ አደረሱልን። የክሊኒኩ ቁስል አካሚ ድሬሰር ሦስት ጣቶቻቸውን ቆረጠ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ሾፌሩ ይከሰስ አሉ። ባለቤቴ አልጋ ላይ ሆነው፣ "እሱ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የሚከሰስ ካለ እኔን ክሰሱ" አሏቸው። ሾፌሩ ደግሞ መኪናውን ትቶ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ቆርቆሮው በአህያ ተጓጉዞ እስኪያልቅ ከዚያው ሆኖ ጠበቀ። ሲሚንቶውን ዝናብ አገኘውና ድንጋይ ሆኖ መንገድ ዳር ቀረ።

በቤተክርስቲያን ሥርዓት ጣት የጎደለው እጅ ሥጋ ወደሙን አያቀብልም። በባለቤቴ ቦታ ሌላ ቄስ ተተካ።

ከወለድኩ በኋላ አንድ ቀን፣ "ያን ጊዜ ሾፌሩ ሲያየኝ ልናገር ብዬ ፈርቼ ተውኩት" አልኳቸው።

"ብትናገሪስ እሰማሽ ነበር?" አሉኝ።

በአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀደስ ከሴቶች በኩል ቆሜ ባለቤቴን አየኋቸው። ከምእመናኑ መካከል፣ ቀኝ እጃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቆመዋል። ከንፈራቸው ከቀዳሹ ቄስ ጋር እኩል ይንቀሳቀስ ነበር።