አጎቴ የቀበረው ሽቦ

የእናቴ ወንድም ለቅሶ ቤት ሳይቀር የመብራት መፈተሻ ቴስተሩን በደረት ኪሱ ሰክቶ የሚሄድ ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ ነገር አይታየኝም።

ደብረ ብርሃን ያለውን የእናቴን የጭቃ ቤት መብራት የዘረጋው እሱ ነው። ቱቦ የሚባል ነገር አላስገባም። ግድግዳው ሲመረግ እርጥቡን ጭቃ በጣቱ እየሰነጠቀ ሽቦውን እንዲሁ ቀበረው፣ ከላይ ተለሰነበት፣ አለቀ። "ጭቃ መብራት አያስተላልፍም" ይል ነበር፣ የሚመርጉትን ሰዎች ከላይ ወደ ታች እያየ። ደረቅ ጭቃ አያስተላልፍ ይሆናል። ከአንኮበር በኩል የመጣ ጉም ከተማው ላይ በሚተኛበት ሐምሌ ደረቅ ጭቃ ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገረንም።

ሽቦው በየት በኩል እንደሄደ እሱን መጠየቅ ደግሞ ድካም ነው። አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ወርዷል ይላል፣ ሌላ ቀን ዞሮ መጥቷል ይላል። ሁለቱንም ሲናገር እኩል ይኮራል።

ባለፈው ክረምት ግድግዳው መንዘር ጀመረ። መዳፌን አሳርፌበት ዘልዬ ተነሳሁ። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ከአልጋዋ እስከ በሩ የምትሄደው ያንኑ ግድግዳ እየዳበሰች ነው። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ወዲያው ከቆጣሪው ላይ አጠፋሁና ሌላ ባለሙያ ልጥራ አልኳት።

"ወንድሜ እያለ ባዳ ገብቶ ግድግዳዬን ሲቆፍር ጎረቤት ምን ይላል?" አለችኝ። እምቢ አለች።

ስለዚህ ራሴ መፈለግ ጀመርኩ። እናቴ ሬዲዮዋ ራስጌዋ ላይ ሲቀመጥ እያጉረመረመ እንደሚያስቸግራት ስትማረር እሰማ ነበር። ሽቦው ቢሆንስ ብዬ እሷን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፣ መብራቱን መለስኩ፣ ሬዲዮውን ከጣቢያ አውጥቼ ግድግዳው ላይ አንሸራተትኩት። ከራስጌዋ በላይ አጉረመረመ። ድምፁን እየተከተልኩ ስሄድ በሰያፍ ወረደ፣ እጇ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ባሰበት። መንገዱን በጠመኔ አሰመርኩት።

አጎቴ ተጠርቶ መጣና መስመሬን አይቶ ሳቀ። "በሬዲዮ? ዜና ነገረህ?" አለ። "ሽቦው ከበሩ አናት ቀጥ ብሎ ነው የወረደው። እዚህ ግድግዳ ውስጥ ሽቦ ካለ እኔ አጎትህ አይደለሁም።"

ሐሳቡ ደስ አለኝ። "እንግዲያው ጋሼ፣ መዳፍዎን ያሳርፉበት" አልኩት።

ቴስተሩን አወጣ፣ መልሶ ከተተው። ወለሉ እርጥብ ነው አለ። ለሚ ከተማ ስለዘረጋው የወፍጮ ቤት መስመር ማውራት ጀመረ። እጆቹ ግን ከካፖርቱ ኪስ አልወጡም። ድሮም እንቀው ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ የባሰ አነሰብኝ።

በወንድሟ መፈተን የተከፋችው እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። "ምን ያጨቃጭቃችኋል? እኔ እነካዋለሁ። ወንድሜ የለም ካለ የለም" አለችና እጇን ዘርግታ ወደ ግድግዳው ሄደች። እኔ በወዲያኛው ጥግ ሬዲዮውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር፤ አልደርስባትም።

"እትዬ! አትንኪው!" ብሎ ጮኸ አጎቴ፤ ጋቢዋን ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት።

ሄጄ መብራቱን አጠፋሁ። አጎቴ ስካርፔሎውን ይዞ ጠመኔዬን እየተከተለ ቆፈረ። ሽቦው ላስቲኩ ተልጦ ከመስመሬ ሥር ተጋድሞ ነበር። "እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለ። ሌላ ምን ይላል ብዬም አልጠበቅኩ።

አሁን ሽቦው በቱቦ ገብቷል፣ ግድግዳው ተለስኗል። ዘንድሮ ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ደጋግሜ ነክቼ አይቼዋለሁ፤ ምንም የለውም። እናቴ ግን ትታዋለች። ከአልጋዋ ተነስታ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ምንም ሳትይዝ በክፍሉ መሃል ትሄዳለች።

"እትዬ፣ ግድግዳውን ያዢ እንጂ፣ እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት" ይላታል አጎቴ በመጣ ቁጥር።

"ይቅርብኝ ወንድምዓለም" ትለዋለች።